«አሉ» በስፓኒሽ፦ ለቃሉ ማን ዋስ ይሆናል?

በሰሜን ሸዋ ስፓኒሽ የሚያስፈልገው ሰው ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው። በአንኮበርና በመንዝ ጓሳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያዩ የመጡ እንግዶችን የሚያስጎበኝ አለ፤ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ በስልኩ የሚማር ተማሪ አለ፤ በደርግ ዘመን ኩባ ተምሮ የተመለሰ ትልቅ ሰውም አለ። እነዚህን ሰዎች ከሚያደናቅፏቸው ነገሮች ዋነኛዋ በአማርኛ ሳናስብ የምንላት ትንሽ ቃል ናት፤ «አለ»።

መዝገበ ቃላት ስንከፍት ዴሲር፣ ሜንሲዮናር፣ አፊርማር፣ ሴኛላር፣ ኢንዲካር፣ ዴክላራር፣ ኮሜንታር፣ ሶስቴኔር ተደርድረው እናገኛለን። ትርጉማቸው ሁሉ «ተናገረ፣ ገለጸ፣ ጠቀሰ» ነው። (ቃላቱን የምጽፈው በላቲን አሜሪካ እንደሚሰሙት ነው። በስፔን አብዛኛው ክፍል የዴሲር «ሲ» ምላስ በጥርስ መሀል ገብታ ትነገራለች። «ኽ» ከጉሮሮ የምትወጣ ናት፤ «ኛ» ግን የራሳችን ስለሆነች ሴኛላር ላይ ማንም አማርኛ ተናጋሪ አይቸገርም።) ተማሪው ይህን ዝርዝር ሲያይ ምርጫው ድግግሞሽን ለማስወገድ ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል፤ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን እያፈራረቀ ይጽፋል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ግሡን ስንመርጥ የሌላ ሰው ቃል ስናስተላልፍ ለቃሉ ምን ያህል ዋስ እንደምንሆን እየወሰንን ነው።

የደብረ ብርሃንን ስም እንውሰድ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ከሰማይ ብርሃን ታይቶ ከተማዋ ስሟን ከዚያ እንዳገኘች ይተረካል። ይህን ለእንግዳ የሚናገር አስጎብኚ «ላ ክሮኒካ ኩዌንታ ኬ አፓሬሲዮ ኡና ሉስ ኤን ኤል ሲዬሎ» ቢል፣ ዜና መዋዕሉ በሰማይ ብርሃን እንደታየ ይተርካል ማለቱ ነው፤ ትረካውን ለባለቤቱ ትቶ ራሱ መሀል ላይ ይቆማል። ኩዌንታ በ«አፊርማ» ቢተካ፣ ዜና መዋዕሉ በጽኑ ይናገራል ሆነ፤ ኃላፊነቱ አሁንም የዜና መዋዕሉ ነው፣ እንግዳው ግን «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ሴኛላ» ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሴኛላር ያለን ነገር መጠቆም ነው፤ ተናጋሪው ብርሃኑ መታየቱን ራሱም ተቀብሎታል። አንዳንዶች ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነበር ይላሉ። ለዚህ ትክክለኛው ግሥ «ሶስትዬኔን» ነው፣ «አልጉኖስ ሶስትዬኔን ኬ ፉዌ ኤል ኮሜታ ሃሌይ»። ሶስቴኔር ሌላ ሰው ሊከራከርበት የሚችልን አቋም ይዞ መቆም ነውና፣ አስጎብኚው ማንንም ሳያስቀይም ሁለቱንም ሐሳብ ማቅረብ ይችላል።

ምንም የመናገር ግሥ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1844 አንጎለላ ተወለዱ። ይህ የታወቀ ነገር ስለሆነ «ሜኔሊክ ናሲዮ ኤን አንጎለላ» ማለት ይበቃል። አንዳንድ አስጎብኚዎች ትሕትና መስሏቸው ሁሉንም ዐረፍተ ነገር በ«ሴ ዲሴ ኬ» («ይባላል») ይጀምራሉ። እንግዳው ግን የሚሰማው የልደቱን ቦታ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ነው። ሴ ዲሴ ኬን ለእውነተኛ አፈ ታሪክ ማቆየት ይሻላል።

«አሉ» የምንላት ቃል ደግሞ በአማርኛ ሦስት ሥራ ትሠራለች፤ ስፓኒሽ ለሦስቱም የተለያየ መልክ ይሰጣል። «ገበሬዎቹ ገብስ ተወደደ አሉ» ስንል ብዙ ናቸው፣ «ዲኼሮን» እንላለን (ዲኺዬሮን አይባልም፤ የተለመደ ስሕተት ነው)። «አባ ገብስ ተወደደ አሉ» ስንል ግን አንድ ሰው ናቸው፤ አክብሮቱ በስፓኒሽ ግሡን ብዙ አያደርገውም፣ «ዲኾ» ነው። ትልቅ ሰውን ማክበር የለመደ የሸዋ ልጅ ዲኼሮን ሲል እንግዳው «እነማን ናቸው?» ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል። አክብሮቱን መግለጥ ካስፈለገ «ኤል ፓድሬ ዲኾ» ወይም «ዶን» ከስም በፊት ጨምሮ መናገር ነው፤ ፊት ለፊት ሲያናግሩ ደግሞ «ኡስቴድ» («እርስዎ») ከነጠላ ግሥ ጋር፣ «ኡስቴድ ዲኾ»።

ሦስተኛዋ «አሉ» ወሬ የምታመጣዋ ናት፤ «ገብስ ተወደደ አሉ»፣ ማን እንዳለ ግን አይታወቅም። ለዚህ «ዲሴን ኬ» አለ፤ በላቲን አሜሪካ ብዙ አገሮች ደግሞ «ዲስኬ» የሚባል ከ«ዲሴ ኬ» የተጣበቀ ቃል አለ፣ በተለይ በሜክሲኮና በኮሎምቢያ። ዲስኬ ወሬውን ሲያመጣ ጥርጣሬም ይጨምርበታል፤ «አሉ» በምትባልበት አንዳንድ የድምፅ ቃና በትክክል ይመስላታል። ኮሎምቢያዊ እንግዳ ጋር ብትጠቀሙበት ደስ ይለዋል። ስፔናዊ ጋር ግን ያረጀ ቃል ነው፣ ዲሴን ኬ ይበቃችኋል።

አሁን ወደ ዴሲር ራሱ። ይህን ግሥ በደንብ የያዘ ሰው ሌሎቹን ግማሽ መንገድ ሄዶባቸዋል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ።

አማርኛ የሰውን ቃል ሲያስተላልፍ ተናጋሪውን እንዳለ ያስቀምጣል። «ገብስ እገዛለሁ አለ» ስንል የሚገዛው እሱ ነው፤ «እገዛለሁ» ውስጥ ያለው «እኔ» የእሱ ነው። ይህን ቃል በቃል ወደ ስፓኒሽ የወሰደ ሰው «ዲኾ ኬ ኮምፕሮ» ይላል። ለስፓኒሽ ሰሚ ይህ «እኔ እንደምገዛ ተናገረ» ነው፤ ገዢው ተለወጠ። በንግድ ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። መፍትሔው አማርኛ ውስጥ ራሱ አለ። ዐረፍተ ነገሩን ከመተርጎም በፊት «እገዛለሁ አለ» የሚለውን «እንደሚገዛ ተናገረ» ብሎ መቀየር ነው። «እንደሚገዛ» ውስጥ ሰውየው ሦስተኛ መደብ ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ «ዲኾ ኬ ኮምፕራሪያ» ወይም «ዲኾ ኬ ኢባ አ ኮምፕራር» ማለት ቀላል ነው።

ይህ ልምምድ ሌላም በር ይከፍታል። አማርኛ «እንደሚገዛ ነገረኝ» እና «እንዲገዛ ነገረው» የሚሉትን ይለያል፤ የመጀመሪያው ወሬ ነው፣ ሁለተኛው ትእዛዝ። ስፓኒሽም በተመሳሳይ ቦታ ይለያል፣ ግን ልዩነቱን የሚያሳየው ከ«ኬ» በኋላ ባለው ግሥ ነው። «ሜ ዲኾ ኬ ኮምፕራሪያ ላና»፣ ሱፍ እንደሚገዛ ነገረኝ። «ሜ ዲኾ ኬ ኮምፕራራ ላና»፣ ሱፍ እንድገዛ ነገረኝ። ኮምፕራሪያ እና ኮምፕራራ፣ በጆሮ ሲሰሙ በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ሁለተኛው ስፓኒሾች ሱብኹንቲቦ የሚሉት ነው፤ በእኛ ሰዋስው «ዘንድ አንቀጽ» ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ደንብ ከባዶ አይጀምርም። «እንደሚ» ካለ ተራው ግሥ፣ «እንዲ» ወይም «እንድ» ካለ ሱብኹንቲቦ። ከመንዝ ባና ለማዘዝ የሚጻጻፍ ሰው ይህችን ብቻ ቢይዝ ማን ሱፍ ይገዛል የሚለው ክርክር አይነሳም።

አሉታውም ሊታወቅ ይገባል። «ውድ አይደለም አለ» ማለት «ዲኾ ኬ ኖ ኤራ ካሮ» ነው፤ ሰውየው አንድ ነገር ተናግሯል። «ውድ ነው አላለም» ማለት ግን «ኖ ዲኾ ኬ ፉዌራ ካሮ» ነው፤ «ኖ» ከዴሲር ፊት ስትመጣ የተነገረው ነገር መሬት ይለቃል፣ ግሡም ወደ ሱብኹንቲቦ ይሄዳል። ኔጋር (ካደ፣ አስተባበለ) ግሡን ራሱ አሉታ ስላደረገው ከእሱም በኋላ ሱብኹንቲቦ ይመጣል፣ «ኔጎ ኬ ፉዌራ ካሮ»።

ጊዜውንም መጎተት ያስፈልጋል። ዲኾ ካልን በኋላ የሚመጣው ግሥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ «ኤስታ» (ይገኛል) የነበረው «ኤስታባ»፣ «ዬጎ» (ደረሰ) የነበረው «አቢያ ዬጋዶ»፣ «ዬጋራ» (ይደርሳል) የነበረው «ዬጋሪያ» ይሆናል። ነገሩ አሁንም እውነት ከሆነ ግን የአሁኑን ጊዜ መተው ይቻላል። «ዲኾ ኬ አንኮበር ኤስታ አ 40 ኪሎሜትሮስ»፣ አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚርቅ ነገረን፤ መንገዱ አልተንቀሳቀሰምና «ኤስታ» ትክክል ነው።

ስለ ዴሲር አንድ የሚያስደስት ነገር ልጨምር። «ለወንድሙ ነገረው» ስንል «ለወንድሙ» ብለን እንደገና በግሡ ላይ «ው» እንጨምራለን። ስፓኒሽም «ሌ ዲኾ አ ሱ ኤርማኖ» ይላል፤ «ሌ» እና «አ ሱ ኤርማኖ» ያው አንድ ሰው ናቸው። ብዙ የሌላ አገር ተማሪዎች ይህን ድግግሞሽ ለመቀበል ይቸገራሉ። እኛ ግን ስንናገር የኖርነው እንደዚያ ነው።

ዴሲር እያለ ሰዎች ለምን ወደ አብላር ይሄዳሉ? ምክንያቱ «ተናገረ» ለሁለቱም ስለሚሆን ይመስለኛል። አብላር ግን ቃል አይሸከምም፤ ቋንቋ መናገርን ወይም ስለ አንድ ነገር ማውራትን ነው የሚገልጸው። «አብሎ ኬ» የሚባል ነገር የለም። «አብሎ ዴል ፕሬሲዮ»፣ ስለ ዋጋው አወራ፤ ምን እንዳለ ካስፈለገ ወደ ዴሲር መመለስ ግድ ነው። «ብሎ ተናገረ»ን «አብሎ ዲሲዬንዶ ኬ» ብሎ መገልበጥም አያስፈልግም። በስፓኒሽ አንዱ ግሥ ይበቃል።

«ጠቀሰ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሰፊ ነው፤ ስም ጠቀሰ፣ ቃል ጠቀሰ፣ ምክንያት ጠቀሰ። እዚህ ላይ መለያው ቀላል ነው። የሰውዬውን ቃል እንደተናገረው ካመጣነው ሲታር ነው፤ «ጥቅስ» ማለት ራሱ በስፓኒሽ «ሲታ» ነው። አልፎ ሂያጅ ከሆነ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የተነሳ ከሆነ፣ ሜንሲዮናር ነው። ስለ ሣህለ ሥላሴ ረጅም ማብራሪያ ሰጥቶ «ሜንሲዮኔ አል ሬይ» የሚል አስጎብኚ ራሱን ያሳንሳል፤ እንዲህ ያለውን «አብሌ ዴል ሬይ» ይገልጸዋል። ሲታር ደግሞ ቀጠሮ መስጠትና መጥራትም ነው። «ሲቶ አ ትሬስ ቴስቲጎስ» ሦስት ምስክሮችን ጠቀሰ ወይም ሦስት ምስክሮችን ጠራ፣ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤት ነክ ጽሑፍ ላይ ጥንቃቄ ያሻዋል።

በሜንሲዮናር ላይ አንዲት ፊደል ትልቅ ሥራ አላት። አማርኛ «ወንድሙን ጠቀሰ»፣ «አንኮበርን ጠቀሰ» ሲል «ን»ን ለሰውም ለቦታም እኩል ይሰጣል። ስፓኒሽ ግን ለሰው «አ» ይጨምራል፣ ለቦታ አይጨምርም፤ «ሜንሲዮኖ አ ሱ ኤርማኖ» ግን «ሜንሲዮኖ አንኮበር»። ያችው «አ» ግን «ለ»ም ናት፤ ስለዚህ ለወንድሙ ዋጋውን ጠቀሰለት ለማለት «ሌ» ተጨምሮ «ሌ ሜንሲዮኖ አ ሱ ኤርማኖ ኤል ፕሬሲዮ» ይባላል። «ሌ» ከጠፋች ሰሚው መጀመሪያ የተጠቀሰው ወንድሙ ራሱ ነው ብሎ ይጀምርና ዋጋው ሲመጣ ይደናገራል።

ሜንታር የሚባል ታናሽ ዘመድም አለው፤ ስም ማንሳት ማለት ነው፣ ከመደበኛ ጽሑፍ ይልቅ በአፍ ይዘወተራል። ሜክሲኮ ውስጥ ግን ሜንታር ከእናት ጋር ሲነገር ከባድ ስድብ ስለሚሆን፣ ስለ ሰው እናት ስታወሩ ይህን ግሥ ጨርሶ ተዉት።

ጠቆመ እና አመለከተ ለሴኛላር እና ለኢንዲካር የተሠሩ ይመስላሉ። ሴኛላር በጣት መጠቆምም፣ ሐሳብ ውስጥ አንድን ነጥብ ማሳየትም ነው፤ ጠቆመም እንዲሁ። ኢንዲካር ከ«ኢንዲሴ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ኢንዲሴ ደግሞ የጣት ስም ሲሆን አመልካች ጣት ነው። መሣሪያ፣ ምልክት፣ ሰነድ ሲናገር ኢንዲካር ይመጣል። ከ3,200 ሜትር በላይ ወደሆነው ጓሳ ወጥታችሁ መሣሪያው ከፍታውን ሲያሳይ «ኤል አልቲሜትሮ ኢንዲካ» ትላላችሁ፤ «አፊርማ» ቢባል ግን መሣሪያው አፍ አወጣ። የበር ላይ ማስታወቂያ ደግሞ «ኤል ካርቴል ዲሴ» ይባላል፣ በስፔን «ፖኔ»ም ይላሉ። ኢንዲካር ከሐኪም ወይም ከአለቃ ሲመጣ ትእዛዝ ይሆንና እንደ ዴሲር ሱብኹንቲቦ ይወስዳል፣ «ሌ ኢንዲካሮን ኬ ዴስካንሳራ»፣ እንዲያርፍ አዘዙት። የሚያጠምደው ግን «ማመልከቻ» ነው። ሥራ ለማግኘት «አመለከትኩ» ማለት «ኢንዲኬ» አይደለም፤ «ሶሊሲቴ» ነው።

ሌላው ወጥመድ «ገለጸ» ነው። ዜናችን «ኃላፊው ገለጹ» በሚለው የተሞላ ስለሆነ ተማሪው ሁሉን «ኤክስፕሊኮ» ያደርገዋል። ኤክስፕሊካር ምክንያት ወይም አሠራር ሲፈታ ነው፤ የገብስ ዋጋ ለምን እንደጨመረ ካልተብራራ «ዲኾ» ወይም «ኢንፎርሞ» ይበቃል። ስሜት ወይም ምስጋና ከተገለጸ «ኤክስፕሬሶ» ከስም ጋር ነው፣ «ኤክስፕሬሶ ሱ አግራዴሲሚዬንቶ»። «አረጋገጠ»ም አፊርማር አይደለም፣ ኮንፊርማር ነው፤ ኮንፊርማር ቀድሞ የተሰማ ነገር እንዳለ ይገምታል። «ስሕተቱን አመነ» ማለት ደግሞ «ሬኮኖሲዮ ሱ ኤሮር» ነው፤ «ክሬዮ» ያለ ሰው ስሕተቱን እውነት ነው ብሎ ያመነ ሰው ፈጠረ።

አፊርማርን ለማስታወስ አንድ ነገር ይረዳል። ከጣሊያንኛ የወሰድነው «ፊርማ» እና አፊርማር ከአንድ የላቲን ሥር የወጡ ናቸው፤ ስፓኒሽም መፈረምን «ፊርማር» ይለዋል። አፊርማር ላይ ተናጋሪው በቃሉ ላይ ፈርሟል፤ እናንተ ግን አልፈረማችሁም። አሴጉራር ይበልጥ ይጠነክራል፣ ተናጋሪው ሰሚውን ለማሳመን ቃል ይገባል። አሌጋር ሲሆን ተናጋሪው ራሱን ለመከላከል ምክንያት እያቀረበ ነው። ባናው ዘግይቶ ሠሪው «ሱፉ አልደረሰም ነበር» ካለ፣ «አሌጎ ኬ ላ ላና ኖ አቢያ ዬጋዶ» ብሎ የጻፈ ሰው ምክንያቱን ሙሉ በሙሉ እንዳልተቀበለ አሳይቷል። ሠሪው ይህን ደብዳቤ ቢያነብ ቅር ይለዋል፣ ልክም ነው። ቅሬታ ከሌላችሁ «ኤክስፕሊኮ» ጻፉ። እዚህ ላይ ምክንያት ስለተሰጠ ኤክስፕሊካር በቦታው ነው።

ከ«ኬ» በፊት የሚገባው ትንሽ ቃል («ዴ» ወይም «አ») ብዙ ጊዜ ይረሳል ወይም ያለ ቦታው ይገባል። መፈተኛው «ኤሶ» («ያ») የምትባለዋ ቃል ናት። «ዲኾ ኤሶ» ይባላልና «ዲኾ ኬ»፤ «ዲኾ ዴ ኬ» የትም አገር ስሕተት ነው። «ሴ ሬፊሪዮ አ ኤሶ» ይባላልና «ሴ ሬፊሪዮ አ ኬ»። ኢንፎርማር ላይ ግን በስፔን «ኢንፎርሞ ዴ ኬ»፣ በላቲን አሜሪካ «ኢንፎርሞ ኬ» ይበዛል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ስለዚህ ኩባ የተማረና ከስፔን መጽሐፍ የተማረ ሰው በዚህ መከራከር የለባቸውም።

መደበኛ ወረቀት ላይ ደግሞ የንግግር ግሦች ሁሉ ወደ ጎን ይቀመጣሉ። የሥራ ልምድ ማስረጃ የሚጀምረው «አጎ ኮንስታር ኬ» ብሎ ነው፤ ኮንስታር በመዝገብ መኖርን ይገልጻል፣ አሴር ኮንስታር ደግሞ በመዝገብ እንዲኖር ማድረግ ነው። ስለዚህ «ኖ ኮንስታ» ማለት «በሰነዱ ላይ አልተጻፈም» ነው፤ ነገሩ አልተፈጸመም ማለት አይደለም። የአንድ ቤተ ክርስቲያን የምሥረታ ቀን ተጠይቆ በጽሑፍ ካልተገኘ «ላ ፌቻ ኖ ኮንስታ» ቀጥተኛና ታማኝ መልስ ነው። ለስፔን መሥሪያ ቤት በሚጻፍ ማመልከቻ ላይ ደግሞ «ኤክስፖኔ» እና «ሶሊሲታ» የሚሉ ሁለት ቃላት በትልቁ ይቀመጣሉ። ከመጀመሪያው በታች ሁኔታው፣ ከሁለተኛው በታች የሚጠየቀው ይዘረዘራል። አመልካቹ ስለ ራሱ በሦስተኛ መደብ ስለሚጽፍ «ሶሊሲቶ» ሳይሆን «ሶሊሲታ» ይላል፤ ከኤክስፖኔ በታች «ኬ» ብሎ ይጀምራል፣ እያንዳንዱም ነጥብ በአዲስ «ኬ» ይከፈታል።